ሐኪሙና አስተዋዩ መሣሪያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ በተመራቂዎቹ ስም ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከፍ ያለ ደስታ ይሰማኛል። ርእስ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ጊዜ አያሌ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እንድናገር መክረውኝ ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት ሰዎች እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋልና እኔ ስለሚመጣው ዘመን ብናገር ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

በዚህ ዓመት በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍላችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ ዛሬ አልበረደም። ይኸውም «ከእንግዲህ ወዲህ ሕክምና መማር ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ሐኪም ለመሆን 6 ወይም 7 ዓመት መማር ያስፈልጋል፤ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ የሐኪሙን ሥራ ሁሉ ወስዶ ይጨርሰዋል ይላሉ። ይህ ነገር ለጨዋታ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ሲል የኖረ ከዚያም በዚህ ወሬ ምክንያት አሳቡን የለወጠ ተማሪ በመካከላችን አለ። የልጃቸውን ምርጫ የሚጠባበቁ ወላጆችም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ ነገሩ እነርሱንም ይመለከታል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አስቀድሞ ይህ መሣሪያ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። እናቶቻችን ደህናውን ጤፍ አፈር ካለበት ለይተው የሚያውቁት ስለ ጤፍ የተጻፈ መጽሐፍ አንብበው አይደለም፤ ብዙ ጤፍ ስላዩና ስለ ዳሰሱ ነው። መሣሪያውም የሚማረው ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ ነው። የሳምባ ምች ማለት ምን እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር የራጅ ሥዕል ከነበሽታው ስም ይቀርብለታል፤ እርሱም ሲገምት ሲሳሳት በውስጡ ያሉትን ቍጥሮች እያስተካከለ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ያላየውን አዲስ ሥዕል ሲሰጡት ስሙን ይናገራል። አስተውሎት የሚለው ስም ግን እኔን አልፎ አልፎ ያስቀኛል። በቋንቋችን አስተዋይ የምንለው ብዙ የኖረውንና ከመናገሩ በፊት ዝም ብሎ የሚመለከተውን ሰው ነው፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ አለመናገርን ከቶ አያውቅበትም።

ስሙ ምንም ይሁን ምን ሥራውን ማቃለል አይገባንም። በስዊድን አገር የጡት ካንሰርን ለማወቅ የሚነሣውን ራጅ ሁለት ሐኪሞች እየተፈራረቁ ያነቡት ነበር። ከ80,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ በተደረገና በ2023 ውጤቱ በታተመ ጥናት መሣሪያው ሐኪሞቹን ሲያግዝ የተገኘው የካንሰር ቍጥር ምንም አልቀነሰም፤ የሐኪሞቹ የንባብ ሥራ ግን በ44 በመቶ ቀለለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት የሚነሣውን የደረት ራጅ በሰው ፈንታ ኮምፒዩተር ሊያነበው ይችላል ብሎ ፈቅዷል። የሳንባ ነቀርሳ እጅግ ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ አገራችን ናት። የራጅ መሣሪያ ኖሮ ራጁን የሚያነብ ሐኪም በማይገኝበት ሆስፒታል ይህ ጥበብ ቢገባ የማይደሰት ሰው ያለ አይመስለኝም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበትና የሐኪም ቍጥር እጅግ ባነሰበት አገር ተቀምጦ «መሣሪያ አይግባ» የሚል ሰው ቢኖር እርሱ ወረፋ ጠብቆ የማያውቅ መሆን አለበት።

ሐኪሞችም በአዲስ መሣሪያ ሲደነግጡ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በ1816 ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ጆሮውን በበሽተኛይቱ ደረት ላይ ማስጠጋት ስለ ከበደው ወረቀት ጠቅልሎ በዚያ በኩል የልቧን ምት አዳመጠ፤ ዛሬ በሐኪሞች አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ የተገኘው ከዚያ ነው። ማዳመጫው ሐኪሙን አላስቀረውም፤ ቀድሞ የማይሰማውን እንዲሰማ አደረገው እንጂ።

«ያ ቱቦ ብቻ ነበረ፤ ይህ ግን ራሱ ይፈርዳል» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ በክፍላችንም ሰጥተውኛል። እውነት ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ የሚፈርደው በምን ላይ ተመሥርቶ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህም በአሜሪካ አገር የተገኘውን አንድ ታሪክ በሰፊው ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች የሳምባ ምች የያዛቸውን ሰዎች መዝገብ ሰብስበው ለኮምፒዩተር አስተማሩት። የፈለጉትም ማንኛው በሽተኛ ለሞት እንደሚያሠጋና ሆስፒታል መተኛት እንደሚገባው፥ ማንኛው ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ እንደሚችል እንዲለይላቸው ነበር። ልዩ ልዩ መንገድ ሞከሩ፤ ከሁሉም ይልቅ በትክክል የገመተው የአንጎልን ጅማት አምሳል ተከትሎ የተሠራው ነበር። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ለምን እንዲህ እንዳለ አይናገርም። በዚያው መዝገብ ላይ የተማረ ሌላ ዘዴ ግን ያገኘውን ደንብ ሰው በሚያነበው ቃል ይጽፍ ስለ ነበር፥ ከጻፋቸው ደንቦች መካከል አንዱ ተመራማሪዎቹን አስደነገጣቸው። «አስም ያለበት ሰው የሳምባ ምች ቢይዘው የመሞት ሥጋቱ ከሌላው ያነሰ ነው» ይላል።

አስም ያለባት አክስት ወይም ጎረቤት ያለው ሁሉ ይህ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያውቃል። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ዋሽቶ ነውን? አልዋሸም። መዝገቡ በእርግጥ እንዲህ ይላል። ምክንያቱም አስም ያለበት ሰው የሳምባ ምች ሲይዘው ሐኪሞቹ ስለሚፈሩለት ወዲያውኑ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገብተው ሌሊትና ቀን ይጠብቁት ነበር፤ ስለ ተጠበቀም ይድን ነበር። መሣሪያው መዳኑን አየ፤ መጠበቁን ግን አላየም። እንግዲህ በመሣሪያው ምክር ቢሠራ ኖሮ አስም ያለበትን ሰው «አንተ አያሠጋህም» ብለው ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር። ተመራማሪዎቹ ከሁሉ የላቀውን መሣሪያ በበሽተኛ ላይ እንዳይሠራበት ወሰኑ። ይህን ታሪክ ከጊዜ በኋላ በ2015 ሪች ካሩዋና የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሰፊው ጽፎታል።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ቀን አሰብሁበት። መዝገብ የሚጽፈው ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ አይጽፍም፤ እጅግ የታወቀውን ነገርማ ፈጽሞ አይጽፈውም። ነርሷ በሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሣች በሽተኛውን እንዳየችው የሚናገር መስመር በዚያ መዝገብ ላይ አልነበረም።

ይህን ይዘን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ያልተጻፈው ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል።

በአማርኛ በሽታ ሲነገር ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ እንደ ሆነ አላውቅም። ራስ ይፈልጣል፤ ጎን ይወጋል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ቁስል ይጠዘጥዛል። እያንዳንዱ ቃል ለየራሱ ሕመም የተሰጠ ነው፤ ቃላቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም ከቃሉ ብቻ ብዙ ነገር ይረዳል። ደግሞ «ምች መታኝ»፥ «ብርድ ገባብኝ» የሚል በሽተኛ አለ። ምች በሐኪም ቤት መጽሐፍ ላይ ራሱን የቻለ ስም የለውም፤ አንዱ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረውን ቁስል ምች ይለዋል፤ ሌላው ትኩሳቱንና ራስ ምታቱን ይለዋል፤ ሁለቱም ዳማ ከሴ ጨምቀው ይታጠናሉ። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያለችን ሴት መሣሪያው ለጨጓራ ሐኪም ይልካት ይሆናል፤ የእኛ ሰው ግን ልጇ ወዴት እንደ ሄደ ይጠይቃታል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ብዙ ሚሊዮን ገጽ ላይ የተማረው መሣሪያ የአማርኛ ጽሑፍ ያየው በጥቂቱ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በሽተኛ ለሐኪም የተናገረው ከቶ ምን ያህል ይሆናል?

ሌላም አለ። በአገራችን ሽማግሌን «እንደምን አሉ?» ብትሏቸው «ደህና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ በቃሬዛ ላይ ተኝተው ቢሆንም እንኳ እንዲሁ ይላሉ። ይህ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። መሣሪያው ግን «ደህና ነኝ አሉ» ብሎ ይመዘግባል። እናት በወንድ ልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ፤ ስለዚህ «ወገቤን ነው» ትላለች። የሚያሳክም ልጅም ለአባቱ ቀድሞ ይመልሳል፤ አባት ዝም ይላሉ፤ ዝም ያሉበት ነገር ግን ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል። በሰፈራችን ክሊኒክ የሚሠሩ አንዲት አረጋዊት ነርስ ስለ በሽታው ከመጠየቃቸው በፊት በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ቤት ማን አለ?» ብለው ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው ሰው መኖሩንና የሚበላ ነገር መኖሩን ከዚያች ጥያቄ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ጥያቄያቸው በማንኛውም ቅጽ ላይ የለችም።

እዚህ ላይ ግን ለሐኪሞች እንዳላዳላ እፈራለሁ። በ2023 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ነበረ። ሰዎች ለጠየቋቸው 195 የጤና ጥያቄዎች ሐኪሞች የጻፉትን መልስና ኮምፒዩተሩ የጻፈውን መልስ፥ የማንኛው እንደ ሆነ ሳይነገራቸው የሕክምና ባለሙያዎች አመዛዘኑት። ከአምስቱ ጊዜ በአራቱ ያህል የኮምፒዩተሩን መልስ መረጡ፤ በርኅራኄም ከሐኪሞቹ መልስ ይበልጣል አሉ። ይህ ለሐኪሞች የሚያሳፍር ነው፤ ነገር ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ኮምፒዩተር አይደክመውም፤ ከበሩ ውጭ 60 ሰው አይጠብቀውም። ደግሞም ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ሐኪም አለ፤ በሽተኛው ወንበር ላይ ሳይደላደል፥ ቀና ብሎም ፊቱን ሳያይ መድኃኒት ጽፎ «ቀጣይ!» የሚል። እንዲህ ያለውን ሐኪም መሣሪያው ነገ ቢተካው እኔ አላዝንም፤ ወላጆቻችንም የሚያዝኑ አይመስለኝም።

በ2016 ጄፍሪ ሂንተን የተባሉት ታላቅ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ ኋላም በ2024 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት፥ ራጅ የሚያነቡ ሐኪሞችን ማስተማር አሁኑኑ መቆም ይገባዋል፤ በ5 ዓመት ቢዘገይም በ10 ዓመት ውስጥ ኮምፒዩተሩ ይበልጣቸዋል ብለው ነበር። በክፍላችን ያሉ ተከራካሪዎቼ ይህን ንግግር በቃላቸው ይዘውታል። ጊዜው ደረሰ፤ በአሜሪካ ግን የተገኘው የራጅ ሐኪም እጥረት ነው። ሊቁም ራሳቸው ቃላቸው ከልክ በላይ ሰፊ እንደ ነበረ ኋላ ተናግረዋል። ሥዕሉን ማንበብ ከሐኪሙ ሥራ አንዱ ክፍል ብቻ ነበርና፤ ደግሞ ንባቡ በቀለለ መጠን የሚነሣው ራጅ በዛ።

እኔን ይልቅ የሚያሠጋኝ ሌላ ነው። በፖላንድ አገር ሐኪሞች የአንጀትን ውስጥ በመመልከቻ ሲመረምሩ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን እባጭ የሚጠቁም መሣሪያ ተሰጣቸው። መሣሪያውን ከለመዱ በኋላ ያለ እርሱ ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚያገኙ በ2025 በታተመ ጥናት ተመለከቱ። ቀድሞ ከ100 በሽተኞች በ28ቱ ላይ ያገኙ የነበሩት ወደ 22 ወረዱ። ጥናቱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ፍርድ አልሰጥም። ነገር ግን እነዚህ ብዙ ዓመት የሠሩ ሐኪሞች ነበሩ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመሣሪያው ጋር የሚማር የእኔ እኩያ ዐይኑን በምን ያሠለጥናል? መብራት በጠፋ ቀንስ? በዚህ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መብራት መጥፋት ምን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ማብራራት አያሻኝም።

በታይላንድም የሆነው ከዚህ ይቀራረባል። የስኳር በሽታ ዐይንን መጉዳቱን የሚለይ እጅግ የተመሰገነ መሣሪያ ወደ ገጠር ክሊኒኮች ተወሰደ። በ2020 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጠው ከተነሡት ሥዕሎች ከአምስት አንድ ያህሉን መሣሪያው አልቀበልም አለ፤ ክፍሉ በቂ ጨለማ ስላልነበረ ሥዕሉ ጥራት አጣ። ኢንተርኔቱም ይዘገይ ነበር። በሽተኞቹ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ሂዱ ተባሉ። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተሠራው ግን ለሌላ ክፍል ነበር።

የሰው እጅ እንዴት እንደሚማር ለማሳየት ደግሞ ከአገራችን ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ልጥቀስ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወሊድ ምክንያት በደረሰባቸው የፊስቱላ ጉዳት ገና በልጅነታቸው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟቸው። ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። በሆስፒታሉ ቀርተው አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያም በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው መሣሪያ ማቀበል፤ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ጠጋኝ ሆነው ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችን እስከ ማስተማር ደረሱ። በጠረጴዛው ላይ የተኛችው ሴት ምን እንደ ደረሰባት የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ እመጣለሁ። መሣሪያው ሐኪሙን ይተካዋል ወይስ አይተካውም ስንል የማን ሐኪም እንደ ሆነ አንጠይቅም። ለገንዘብ ቅናሽ ሲባል ለድኻው መሣሪያ ብቻ፥ ለባለጠጋው ደግሞ መሣሪያና ሐኪም የሚደርስበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ይህ ከባዶ ሜዳ የተነሣ ሥጋት አይደለም። በ2019 እንደ ታወቀው በአሜሪካ ሆስፒታሎች ይሠራበት የነበረ አንድ የኮምፒዩተር ስልት የበሽተኛውን ጭንቅ የሚለካው ለሕክምናው ባለፈው ጊዜ በወጣው ገንዘብ ነበር። ለጥቁር ሕዝቦች ሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ስለ ነበር እኩል ታመው ሳሉ «ጤነኞች ናቸው» ተብለው ተጨማሪ እንክብካቤ ቀረባቸው። በመሣሪያው ውስጥ ስለ ዘር የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። ገንዘብ ያልወጣለት ሰው አልታመመም ማለት ከሆነ፥ ሐኪም ቤት ደርሶ የማያውቀው የአገራችን ገበሬ ከሁሉም የበለጠ ጤነኛ ተብሎ ሊቈጠር ነው።

ሐኪም ቢሳሳት ስሙ በካርዱ ላይ አለ። ቤተ ዘመዱ መጥቶ ይጠይቀዋል፤ ዳኛ ይጠራዋል፤ ባይጠራውም እንኳ በሰፈሩ ሲያልፍ የሟቹን እናት ያገኛታል። መሣሪያው ቢሳሳት ማንን እንጠይቅ? የሠራውን ነውን? የገዛውን ነውን? ወይስ ማታ ተረኛ ሆና አዝራሩን የተጫነችውን ነርስ? በፈረንጅ አገር ሕግ አዋቂዎች በዚህ ላይ ይከራከራሉ፤ ብዙ ጊዜ ደካማው ላይ እንደሚወድቅ ግን እኔም እገምታለሁ።

ለተከራካሪ ጓደኞቼ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። እኔ ሕክምናን በመጀመሪያ ምርጫዬ እሞላለሁ። መሣሪያው በገባበት ዘመን የሚሠራ ሐኪም ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ማወቅ ይኖርበታል፤ መሣሪያው «አያሠጋውም» ሲለው «መጠበቁን አይተሃልን?» ብሎ መጠየቅ የሚችል መሆን አለበትና። አሳቡን የለወጠው ወንድማችንም የመምረጫው ቀን ገና ስላላለፈ እንደገና ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። የሳይንስ ክበባችን በዚህ ዕረፍት አንድ ሥራ ሊጀምር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አያቶቹንና ወላጆቹን እየጠየቀ የሕመም ስሞችን እንዲጽፍ ነው፤ ቃሉን፥ በየትኛው አገር እንደሚነገር፥ ሰውነትንም ምን እንደሚያደርግ። አማርኛ ብቻ ሳይሆን ኦሮምኛም፥ ትግርኛም፥ ጉራግኛም፥ በየቤታችን የሚነገረው ሁሉ ይጻፋል። የባዮሎጂ መምህራችን ሊያርሙልን ፈቅደዋል። ወላጆቻችን ልጆቻችሁ ስለ ቁርጠትና ስለ ውጋት ሲጠይቋችሁ የታመሙ መስሏችሁ አትደንግጡ። ደብተሩ ከሰኞ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እስከ አሁን 43 ቃላት ተጽፈውበታል።